‹‹አንድ ጌም ብቻ››፦ ስለ ጋራ ሜዳችን የተናገርኩት

(ሜዳ የሚጋሩ የቴኒስና የፒክልቦል ተጫዋቾች አንድ ላይ በተሰበሰቡበት ምሽት የተናገርኩት ነው። ፒክልቦል እንደ ቴኒስ በመረብ ላይ፣ ግን በትንሽ ሜዳ፣ በጠንካራ መምቻና ቀዳዳ ባለው የላስቲክ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ያወጣሁት ሳሌንና ማይክራፎኑ የጠፋበትን ጊዜ ብቻ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ!

ከመጀመሬ በፊት እስቲ አቀማመጣችሁን እዩት። ቴኒሶች በግራ፣ ፒክልቦሎች በቀኝ። እንዲህ ተቀመጡ ያላችሁ ሰው የለም። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ረድፍ ወንበር ባዶውን ቀርቷል። መረብ ብቻ ነው የጎደለው።

እኔ የቴኒስ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ተጫውቻለሁ። ጎበዝ ነኝ አላልኩም፣ ሃያ ዓመት ተጫውቻለሁ ነው ያልኩት። ፒክልቦል ከጀመርኩ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትከሻዬ ነው የወሰደኝ። ሰርቭን፣ ማለትም ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት፣ ከላይ ወደ ታች መምታት ሲያቅተኝ ከታች ወደ ላይ የሚመታበት ጨዋታ ተገኘ። እናም እዚህ በግራ ያላችሁት ‹‹ከሃዲ›› ትሉኛላችሁ፣ በቀኝ ያላችሁት ‹‹ሰላይ›› ትሉኛላችሁ። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ሜዳው የማን ነው? ሁለተኛ፣ ለመሆኑ የምንጣላው በምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግ? ከመስመር ስወጣ ሳል አድርጉልኝ።

ሜዳው የማን ነው?

የቴኒስ ሰው ይህን ሲጠየቅ መልሱ አፉ ላይ ነው። ‹‹እኛ ነበርን።›› መስመሩ የኛ፣ መረቡ የኛ፣ በሩ ላይ የተጻፈውም ‹‹የቴኒስ ሜዳ›› ነው። እኔም እንደዚሁ እል ነበር። ያውም እየጮህኩ።

እንግሊዝ አገር፣ ዊምብልደን ድረስ ልውሰዳችሁ። ከዊምብልደን በላይ የቴኒስ ቤት አለ? የለም። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲቋቋም ግን ቴኒስ የሚባል ነገር በስሙ ውስጥ አልነበረም። የክሮኬት ክለብ ነበር። ክሮኬት ማለት በእንጨት መዶሻ ኳስ እየመቱ፣ ሳር ላይ በተተከሉ ትናንሽ የብረት በሮች የሚያሳልፉት ጨዋታ ነው። ረጋ ያለ፣ የጨዋ ሰው ጨዋታ። በ1875 ከሳር ሜዳዎቹ አንዱ ለአዲሱ ጨዋታ ለቴኒስ ተፈቀደ። አንዱ ብቻ! ‹‹እስቲ ይሞክሩት›› ተብሎ ይመስለኛል። በ1877 የቴኒስ ስም ከክለቡ ስም ጋር ተጨመረ፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። 22 ወንዶች ተመዘገቡ፣ ስፔንሰር ጎር የሚባለው አሸነፈ። ውድድሩን ያዘጋጁበት አንዱ ምክንያት ምን መሰላችሁ? በድንክ ፈረስ የሚጎተተው የሳር መዳመጫ ተበላሽቶ ለማሠሪያው ገንዘብ ማግኘት ነበረባቸው። የዓለም ትልቁ የቴኒስ ውድድር የጀመረው ለመዳመጫ ማሠሪያ ነው!

አሁን ልብ በሉ። በ1882 ክሮኬት ከክለቡ ስም ወጣ። በስንት ዓመቱ? በሰባት ዓመቱ። አንድ ሜዳ ተፈቅዶለት የገባው እንግዳ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ የባለቤቱን ስም ከበሩ ላይ አስፋቀው። በ1899 ቅር ብሏቸው መልሰው አስገቡት። ግን በፊተኛው ቦታው አይደለም፣ ከቴኒስ ኋላ ነው።

ያኔ እኮ መዶሻውን ይዞ አጥር ላይ የቆመ አንድ ክሮኬት ተጫዋች ይኖራል። ‹‹እኛ ነበርን›› ሲል ይታየኛል።

በቀኝ በኩል ጭብጨባ እሰማለሁ። ቆዩ፣ ቆዩ። የናንተም አለ።

ፒክልቦል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ቤይንብሪጅ በምትባል ደሴት ነው። ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል ጎልፍ ተጫውተው ሲመለሱ ቤተሰቡ የሚሠራው አጥቶ ተቀምጧል። ግቢው ውስጥ ያረጀ የባድሜንተን ሜዳ አለ፣ ባለ ላባዋን ኳስ በመረብ ላይ የሚማቱበት። የባድሜንተን ዕቃ ቢፈለግ አልተሟላም። የፒንግ ፖንግ መምቻና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ኳስ አነሱ፣ መጫወት ጀመሩ። መረቡ መጀመሪያ በባድሜንተን ቁመት ነበር፣ 1.52 ሜትር። ኳሱ መሬት ላይ ደህና አድርጎ እንደሚነጥር ሲያዩ ወደ 91 ሴንቲሜትር አወረዱት። ባርኒ ማካለም ተጨመረና ሕጉን አብረው አወጡ። ዋሽንግተን ግዛት በ2022 የግዛቲቱ ይፋዊ ስፖርት አድርጋዋለች። የሜዳው ልክ ግን ዛሬም ያው የባድሜንተኑ ነው፦ 13.41 በ6.10 ሜትር። ሜዳው የተዋሰ፣ መምቻው የተዋሰ፣ ኳሱ የተዋሰ።

እንግዲህ ‹‹ቀድሞ የመጣ ይግዛ›› ካልን ሁላችንም ተነስተን መውጣት አለብን። ክሮኬትና ባድሜንተን ይግቡ።

አሁን ደግሞ የፒክልቦሎቹን ክርክር እንያት። የእነሱ የቁጥር ናት። ጎበዝ ክርክር ናት፣ አልዋሻችሁም። የአንድ ቴኒስ ሜዳ ግቢ ከነመሯሯጫው 36.6 በ18.3 ሜትር ያህል ነው። ለአንድ ፒክልቦል ከነመሯሯጫው 18.3 በ9.1 ይበቃል። ቁጭ ብላችሁ አባዙት፣ አራት ሜዳ ልክክ ብሎ ይገባል። አራት ሲባዛ በአራት፣ አሥራ ስድስት ሰው። በዚያው ቦታ ቴኒስ ቢበዛ አራት ሰው ያጫውታል። እኔና ጓደኛዬ ስንሆን ደግሞ ሁለት። አንዳንዴም እኔ ብቻ።

ይህን ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልናዘዝ።

አንድ ቀን ጠዋት ብቻዬን መጣሁ። ቅርጫት ሙሉ ኳስ ይዤ። ትከሻዬ ገና ሳይከዳኝ ነው። ሜዳ ያዝኩና ሰርቭ መለማመድ ጀመርኩ። እመታለሁ፣ ኳስ እለቅማለሁ፣ እመታለሁ፣ ኳስ እለቅማለሁ። ከጎኔ ያለው ሜዳ ላይ ፒክልቦል ይጫወታሉ። አጥሩ ሥር አግዳሚው ላይ ስምንት ሰው ተራ ይጠብቃል። አይቻለሁ። እንዳላየሁ ሆንኩ። ቆይተው አንዲት እናት፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ መምቻቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ።

‹‹ልጄ፣ የምትጠብቀው ሰው አለ?››

‹‹የለም እማማ። ሰርቭ እየተለማመድኩ ነው።››

‹‹እሺ፣ በርታ›› አሉኝና ተመልሰው ተቀመጡ።

በርታ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ኳስ አልገባልኝም። እልህ ይዞኝ ግን አልወጣሁም። ሰዓቴ እስኪያልቅ ስምንቱንም ጀርባዬን ሰጥቼ መረብ ስደበድብ ቆየሁ። ዛሬ እማማ እዚህ አሉ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ስም አልጠራም፣ እየሳቁ ስለሆነ ታውቋቸዋላችሁ።

እና ቁጥሩ ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን፣ በቀኝ ያላችሁ ስሙኝ፣ ቁጥር ብቻውን ዳኛ ከሆነ ነገ እናንተንም ያስወጣችኋል። አሥራ ስድስት ሰው ባለበት ሠላሳ ሰው የሚያስጨፍር ሰው ቢመጣ ምን ልትሉ ነው? ቴኒስ ሰፊ ቦታ የሚወስደው ስለሚስገበገብ አይደለም። ኳሱ ከባድ ነው፣ 56 ግራም አልፎ ይመዝናል። የናንተው ከ27 ግራም አይበልጥም። ኳሱ ሩቅ ይሄዳል፣ ሰውም ይሮጣል። ሩጫው ነው ጨዋታው። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ቴኒስ ልማር ብትል የሷን ኳስ በአሥራ ስድስት አናካፍለውም።

ሳል ሰማሁ። እሺ። ወደ ሁለተኛው።

የምንጣላው በምንድን ነው?

በመስመር ይመስለናል። መስመሩ ያጣላል፣ አልክድም። ነጭ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አንዱ የለጠፈው ፕላስተር አለ። ባለፈው ሁለት ትልልቅ ሰዎች ‹‹ወጥታለች፣ አልወጣችም›› ብለው ሲጨቃጨቁ ቆይተው፣ ለካ አንደኛው የሚያየው የቴኒሱን መስመር ነው። በድምፅም እንጣላለን። የቴኒስ ሰው ጸጥታ ለምዷል። የፒክልቦል ጠንካራ መምቻና የላስቲክ ኳስ ደግሞ ጧ! ጧ! ጧ! ነው፣ ቀጠን ያለ፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ። በአሜሪካ በዚህ ድምፅ የተነሳ ጎረቤት ፍርድ ቤት ድረስ የሄደባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ በማለዳ ለመኖሪያ ቤቶች ቅርብ የሆነውን ሜዳ ለቴኒስ መተው ብልህነት ነው፣ በዚህ ብዙ አልቆይም።

ዋናው ጠባችን ግን መስመርም ድምፅም አይደለም። ጥበቃ ነው። ተራ አጠባበቅ! ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዘን ነው አንድ በር ላይ የምንገናኘው።

እስቲ አስቡት። የቴኒስ ሰው ጓደኛውን ይቀጥራል፣ ሰዓት ያስይዛል፣ በሰዓቱ ይመጣል። አንድ ‹‹ሴት››፣ ማለትም አንዱ የጨዋታው ዙር፣ ብቻውን አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይበላል። ሲመጣ ሜዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል ብሎ ነው። የፒክልቦል ሰው ማንንም አይቀጥርም። ብቻውን ይመጣል። መምቻውን አጥሩ ላይ በተራ ይሰካል። የፊተኞቹ አራት ገብተው እስከ 11 ይጫወታሉ፣ ይወጣሉ፣ ቀጣዮቹ አራት ይገባሉ። ለሱ ተራ ማለት መምቻው ነው። ባዶ ሜዳ ማለት ደግሞ ግባ ማለት ነው።

ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ሁለቱም ሕግ አክባሪ ናቸው። በሩ ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ ለአንዱ ባለጌ ነው።

እኔ ራሴ ደርሶብኛል። ሰዓት አስይዤ መጣሁ። ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። ‹‹ይቅርታ፣ ሰዓቱ የኛ ነው›› አልኩ። አንደኛው በፈገግታ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ‹‹ወንድሜ፣ አንድ ጌም ብቻ። ልንጨርስ ነው›› አለኝ። ስንት ናችሁ? ዘጠኝ ለስምንት። እሺ አልኩ። ሰው ነኝ።

አዲስ ለሆናችሁ ላስረዳ። በተለመደው አቆጣጠር ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የያዘው ወገን ብቻ ነው። ሌላው ሲያሸንፍ ሰርቩን ይወስዳል እንጂ ነጥብ አይቆጠርለትም። ከዚያ ደግሞ በሁለት ነጥብ መብለጥ አለብህ። ዘጠኝ ለስምንት የነበረው አሥር እኩል ሆነ። ሰርቩ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይሄዳል፣ ነጥቡ አይንቀሳቀስም። እኔ ቆሜያለሁ። አሥራ አንድ ለአሥር። አሥራ አንድ እኩል። ጓደኛዬ ቆሟል። ሃያ ደቂቃ! ከአንድ ሰዓቴ ሃያ ደቂቃ! ሲወጡ ‹‹ቆንጆ ጌም ነበር፣ አይደል?›› አሉኝ። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበር። ደሜ ግን ፈልቷል።

አሁን ግራዎቹ ናችሁ የምታጨበጭቡት። ግዴለም፣ ለናንተም ያው መስታወት አለኝ። ሰዓት አስይዛችሁ የቀራችሁበት ቀን ስንት ነው? ደመና አይታችሁ ‹‹ይዘንባል›› ብላችሁ የተኛችሁበት? ሜዳው በስማችሁ ተይዞ ባዶውን ይውላል። ስምንት ሰው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ ሜዳ ያያል። እሱስ ምን ይባላል?

ስለ መረቡ አንድ ልናገርና ወደ ሦስተኛው እሄዳለሁ።

የቴኒስ መረብ መሃል ላይ ቁመቱ 91.4 ሴንቲሜትር ነው። የፒክልቦል 86.4። ልዩነቷ አምስት ሴንቲሜትር ናት፣ የሦስት ጣት ያህል። መሃል ላይ መረቡን ወደ መሬት የሚስበው ነጭ ማሰሪያ አለ አይደል? እሱን ጠበቅ ስታደርጉት መረቡ ዝቅ ይላል። ጥሩ። ችግሩ ጨርሶ መሄድ ነው፣ ሳይመልሱ።

አንድ ምሽት ከጓደኛዬ ጋር ገባን። የዚያን ዕለት ሰርቬ ሌላ ነበር። ሁሉም ይገባል! የመጀመሪያው ይገባል፣ መረቡን ላጭቶ ያልፋል። ‹‹ትከሻህ ዳነ እንዴ?›› ይለኛል። እኔማ ልቤ አብጧል። ‹‹ቴክኒክ ነው፣ ክርኔን ከፍ አደረግኩ›› እያልኩ ሳስተምረው አመሸሁ። እሱም ሁሉ ይገባለታል፣ ያንን ግን ልብ አላልኩም። ዕቃችንን ስንሰበስብ ጓደኛዬ መረቡን አየት አደረገና ራኬቱን አቆመ። የድሮ መለኪያችን ናት። አንዱን ራኬት ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ፣ ከላዩ ላይ የሌላውን ራኬት ፊት በአግድም ትጨምራለህ፣ የመረቡ ቁመት ይመጣል። ያንን ቀን ራኬቱ ከመረቡ በላይ አንገቱን አውጥቶ ታየን። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ክርኑን ብቻ ከፍ አደረገልኝ። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ክርኑን ከፍ ያደርጋል።

እሺ፣ ነገስ?

እኔ የምለው ሜዳውን በቀለም ከመከፋፈል በፊት በሰዓት እንካፈል ነው። ቀለም አንዴ ከተቀባ ተቀባ፣ የተሸነፈው ወገን ሁልጊዜ ያየዋል። ሰዓት ግን ሲያስቸግር ይቀየራል። ጠዋት በርከት ያሉት ፒክልቦሎች ናቸው፣ ማታ ቴኒሶች። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ አግዳሚውን ማየት ይበቃል። ጠዋት ሁለት ሜዳ ለፒክልቦል፣ አንድ ለቴኒስ። ማታ ይገልበጥ። ቅዳሜና እሁድ ላይ አልተስማማሁም፣ ከራሴም ጋር። እናንተው ተነጋገሩበት።

መስመር የግድ ከሆነ፣ ከወለሉ ቀለም ጋር የሚቀራረብ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ይሁን። የቴኒሱ ነጭ ጎልቶ ይታይ፣ የፒክልቦሉ ለሚፈልገው ሰው ይታየው። ፕላስተር እየለጠፋችሁ ትታችሁ አትሂዱ። ፀሐይ ሲመታው ይጣበቃል፣ ሲነሳ የወለሉን ቀለም ይዞ ይነሳል። ተንቀሳቃሽ መረብ የምታመጡ ደግሞ አንስታችሁ ተሸከሙት እንጂ ወለሉ ላይ አትጎትቱት። አራቱንም ሜዳ ስትዘረጉ የቴኒሱን መረብ ማንሳት አያስፈልግም። ሁለት ከወዲህ፣ ሁለት ከወዲያ ይሆናል፣ መረቡ መሃል ላይ ኳስ ያቆምላችኋል።

ሰዓት አስይዞ አሥራ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው ሜዳው ለሚጠብቅ ይለቀቅ። ብቻውን ሰርቭ የሚለማመድ ሰው፣ የሚጠብቅ ሰው ካለ በግማሽ ሰዓት ይውጣ። ይህችን ያወጣኋት ለራሴ ነው።

ባለ ሰዓቱ ሲመጣ ደግሞ፣ በውስጥ ያላችሁ፣ ነጥቡን ጨርሱ። ነጥቡን! ጌሙን አላልኩም። ያቺን ኳስ ጨርሳችሁ ውጡ። ዘጠኝ ለስምንት ከሆነ በቃላችሁ ያዙት፣ ነገም ዘጠኝ ለስምንት ነው። ውጪ ያላችሁም ነጥቡ እስኪያልቅ በሩን አትክፈቱ፣ በሰው ጀርባ አትለፉ። ኳስ ወደ ጎረቤት ከተንከባለለ ‹‹ኳስ!›› ብላችሁ ጩኹ። ያኔ ማንም በጩኸት አይቆጣም። የላስቲኳ ኳስ እግር ሥር ከገባች ቁርጭምጭሚት ትወስዳለች።

እዚህ ላይ አንድ እጅ ወጥቷል። ‹‹ኩሽና›› ለምን አልነገርካቸውም ነው የምትሉኝ? እውነት ነው። ፒክልቦል ላይ ከመረቡ ግራና ቀኝ 2.13 ሜትር የሆነች ክልል አለች፣ ኩሽና ይሏታል። እዚያ ቆሞ ኳስን ሳትነጥር በአየር ላይ መምታት ክልክል ነው። ቴኒሶች መጀመሪያ ስትሞክሩ ሁላችሁም የምትጠፉት እዚያ ነው። ልማዳችን መረብ ላይ ወጥቶ መጨፍለቅ ነው። እማማ አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ቆሜ ስጨፈልቅ አይተው፣ ‹‹ልጄ፣ እዚህ ቤት ኩሽና ገብቶ ዕቃ አይሰበርም›› ብለውኛል።

የመረቡ ማሰሪያ! ልረሳው ነበር። ያወረደ ይመልስ። ሁለት ራኬት በሩ ሥር እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ፣ አሮጌዎቼ ናቸው። ለመጫወት አይሆኑም፣ ለመለኪያ ነው። ፒክልቦሎች ራኬት የላችሁምና ሰበብ እንዳይሆን።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ ከኋላ እጅ እየተወዘወዘልኝ ነው። ነጥቡን ጨርሼ እወጣለሁ።

ሰሌዳው ስትወጡ በቀኝ በኩል ተሰቅሏል። እርሳሱ እንዳይጠፋ በገመድ ታስሯል። የሰኞ ጠዋት ሁለት ሜዳ ለፒክልቦል ተይዟል፣ እማማ ከስብሰባው በፊት ጽፈውታል። ሦስተኛው ገና ክፍት ነው። የማክሰኞ ማታ የመጨረሻው ሰዓት ላይ የኔና የጓደኛዬን ስም ታገኛላችሁ። ከኛ በፊት ያላችሁ፣ እለምናችኋለሁ።

አመሰግናለሁ። መልካም ምሽት።